ዳቦ የማይስማማው ሰው በምን ይታወቃል?

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ መቱ ተዛወረ እንበል። በዋናው ከተማ ሳለ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱም ይገረጣል። መቱ ገብቶ የጤፍ እንጀራና የበቆሎ ቂጣ ሲለምድ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነቱ መለስ አለ። ለጓደኞቹም «የኢሉባቦር አየር ተስማማኝ» ብሎ ጻፈ። የአየሩን መልካምነት ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የጠቀመው አየሩ ሳይሆን የዳቦው መቅረት ሊሆን ይችላል።

ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ሰውነት በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ባለው ግሉተን ምክንያት የራሱን ትንሽ አንጀት የሚያጠቃበት ነው። እንደ ከፈይ ለስላሳ የሆነው የአንጀት ውስጠኛ ገጽ ይላጫል፤ የተበላውም ምግብ ለሰውነት ሳይዳረስ ያልፋል። ሕፃን እድገቱ ይገታል። ጎልማሳው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሆዱን ሳያመው፣ የብረት ክኒን የማያሽረው የደም ማነስ ብቻ ይታይበታል።

የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ስንዴን የጠረጠረው ቀደም ብሎ ነበር። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በአገሩ በወረደው ረኀብ ዳቦ ሲጠፋ ሕሙማኑ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው ጃርዲያና የአንጀት ትል ተመሳሳይ ምልክት ማሳየታቸው ነው። ስለዚህ በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በጎሬና በበደሌ ጤና ተቋማት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ሰገራ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ቢያዝ ተገቢ ነው። ታክሞ የማይለቅ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ከመደጋገም ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የደም ምርመራ ነው። ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው የሰውነት ፕሮቲን ላይ የተነሣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ይፈለጋል። አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚያንሰው ስለ ሆነ፣ ጠቅላላ መጠኑ አብሮ ካልተለካ ውጤቱ ያታልላል። የደም ናሙና ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል፤ ለኢንዶስኮፒ ግን በሽተኛው ራሱ መሣሪያው ወዳለበት መሄድ አለበት፤ አዲስ አበባ ድረስ ከሆነም ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት መነሻ ብዙ ጊዜ ከ4 ያላነሱ ቁራጮች ተወስደው ይመረመራሉ። ለጎልማሳ የተለመደው ማረጋገጫ ይህ ነው። በሕፃናት በኩል ግን የአውሮጳ ሐኪሞች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመደበኛው ወሰን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለተኛ የደም ምርመራም ካጸናው ቁራጭ መውሰድ ሊቀር ይችላል። የዘር ምርመራም አለ፤ እርሱ ግን ሕመሙ አለመኖሩን ለማሳየት እንጂ መኖሩን ለማረጋገጥ አይበቃም።

እነሆ ትልቁ ጣጣ፦ ግሉተን ያቆመ ሰው በደሙም በአንጀቱም ምልክቱ እየጠፋ ይሄዳል። ጤፍ ይህ ጎጂ ግሉተን የለበትም፤ በቆሎም እንዲሁ። ስለዚህ መቱ የከረመው ወጣታችን ዛሬ ቢመረመር «ጤነኛ ነህ» ሊባል ይችላል። እርግጡን ለማወቅ በሐኪም ምክር ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ዳቦውን መብላት ይኖርበታል። ሆዱ እንደ ገና ሊነፋ ነው።