ወደ ኋላ በእጅ ስለ መገልበጥ፤ ለወላጆች የተጻፈ

የልጆች ሰውነት በጨዋታ እንዲጠነክር ማድረግ የወላጆች ተግባር መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ከጨዋታዎች ሁሉ መካከል ወላጅ ባየው ጊዜ ልቡ የሚርድበት አንድ አለ፤ ይኸውም ልጁ ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ተወርውሮ፥ በሁለት መዳፎቹ መሬቱን ገፍቶ፥ እግሮቹን ከራሱ በላይ አሳልፎ፥ እንደ ገና ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጨዋታ ነው። ፈረንሳዮች ፍሊክ ፍላክ ይሉታል፤ እኛ ግን ወደ ኋላ በእጅ መገልበጥ ብንለው ይበቃል።

በወላይታ ሶዶ፥ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ ዝናሙ አባርቶ ሣሩ በለመለመ ጊዜ ልጆች ተሰብስበው ሲገለባበጡ ማየት ይቻላል። አንዱ የሌላውን አይቶ ይሞክራል፤ አስተማሪ የለም፥ የሚይዝም የለም። ወላጅ በዚያ ቢያልፍ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይም በቍጣ ይበትናቸዋል፥ ወይም እንዳላየ ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለቱም አይጠቅሙም። የተከለከለ ልጅ ጨዋታውን አይተውም፤ ከቤቱ ርቆ፥ ድንጋይ ካለበት፥ የሚያየው ሰው ከሌለበት ስፍራ ሄዶ ይሞክረዋልና። ዝም የተባለውም ልጅ ከጓደኛው ስሕተቱን ጭምር ይማራል።

ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ከሶዶ በሰሜን ምዕራብ፥ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለችውን ጅማን ያስብ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ በጅማና በሌሎችም ከተሞች የወጣቶች ሰርከስ ተመሠረተ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በጅማው ሰርከስ ያደጉት ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉት ወንድማማቾች ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው፥ ዕቃ እየወረወሩ በመቅለብ ጥበብ ስማቸው ተጠራ፤ ኋላም ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለውን ጓድ አቋቁመው በ2017 በኤዲንብራ በዓል የኢትዮጵያን ወጣቶች ለሕዝብ አሳይተዋል። ከዚያም ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ2015፥ የአፍሪካ የሰርከስ ጓዶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው በዓል አድርገው ነበር። እንግዲህ በሣር ላይ የተጀመረ ጨዋታ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን የእኛ ጉዳይ እንጀራው አይደለም፤ የልጁ አንገትና የእጁ አንጓ ነው።

ይህን ጨዋታ የሚያስፈራው ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው መገልበጡ ነው ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰው ወደ ፊት ሲዘል የሚያርፍበትን ስፍራ ዓይኑ አስቀድሞ ያየዋል፤ ወደ ኋላ ሲወረወር ግን ዓይኑ ሳያይ ሰውነቱ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ልጅ ከተነሣ በኋላ፥ እግሩ መሬቱን ለቆ ሳለ፥ ልቡ ይመለሳል። ልቡም ሲመለስ ዝላዩ ያጥራል፥ ክርኑ ይታጠፋል፥ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ከዚህ የተነሣ ወይም በራሱ ይወድቃል፥ ወይም የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በአንድ እጁ አንጓ ላይ ያርፋል። በሙሉ ልብ የዘለለ ልጅ ግን ዝላዩ ባያምርም እጆቹ አስቀድመው ይደርሱለታል። በዚህ ጨዋታ ድፍረት ጌጥ አይደለም ማለት ነው፤ ራሱ የጥንቃቄ ክፍል ነው። ድፍረትም አይዞህ፥ አትፍራ በማለት ብቻ አይመጣም። ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት የሚደግም ልጅ እንደሌለ ሁሉ፥ እያንዳንዱን ደረጃ ያልጨረሰ ልጅ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ቢፈራ ፍርሃቱ ትክክል ነው።

አስቀድሞ ሰውነቱ ይዘጋጅ። ልጁ በግድግዳ ተደግፎ፥ በእጆቹ ተገልብጦ፥ ክርኑን ሳያጥፍ 30 ሰከንድ ያህል መቆም ይቻለው። ቀጥሎም በጀርባው ተኝቶ፥ መዳፎቹን በጆሮዎቹ አጠገብ፥ እግሮቹን በመቀመጫው አጠገብ ተክሎ ሰውነቱን እንደ ድልድይ ወደ ላይ ያንሣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውሳለን። የወላይታ ጭፈራ በወገብ እንቅስቃሴው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የወላይታ ልጅ ወገቤ ይታዘዝልኛልና ይህ ለእኔ ቀላል ነው ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዚህ ጨዋታ መለመጥ ከወገብ ይልቅ ከትከሻ ሊመጣ ይገባል፤ ትከሻው ሳይፈታ ወገቡን ብቻ የሚያጥፍ ልጅ ውሎ አድሮ የወገብ ሕመም ያገኘዋል። ድልድዩን ሲሠራ እግሮቹን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቢያሳርፍ ክብደቱ ወደ ትከሻው ይሄዳል፥ ትከሻውም ቀስ በቀስ ይከፈታል። የእጅ አንጓንም ከጨዋታው በፊት በየጊዜው ማሟሟቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ የመነሻው ትምህርት ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም በዚሁ ነው። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ጥቂት ርቆ ይቁም፤ ከኋላው ወንበር እንዳለ አድርጎ ይቀመጥ፥ ጀርባውም ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ራሱን ይልቀቅ። ጉልበቶቹ ከእግሩ ጣቶች አልፈው ወደ ፊት እንዳይወጡ ይታይለት። ይህን ብዙ ቀን ቢደጋግመው፥ ሚዛኑን ወደ ኋላ መልቀቅ ለሰውነቱ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ልጆች ሁሉ በልማድ የሚሠሩት ስሕተት ወደ ላይ መዝለል ነው። ወደ ላይ የዘለለ ሰው የሚወርደው በዚያው በተነሣበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ እጆቹ መሬት ሲደርሱ ራሱም አብሮ ይደርሳል። መዝለል የሚገባው ወደ ኋላ ነው፤ ርቆ፥ ረዝሞ።

እጆቹ ከታች ተነሥተው በጆሮዎቹ አጠገብ ቀጥ ብለው ይወርወሩ፤ ራሱም በክንዶቹ መካከል ይቆይ። መሬቱን ለማየት ቸኩሎ ራሱን አስቀድሞ ወደ ኋላ የሚጥል ልጅ ዝላዩን ያሳጥራል። መዳፎቹ በትከሻው ስፋት ልክ ይረፉ፥ ጣቶቹም ጥቂት ወደ ውስጥ ይዙሩ፤ ይህም ክርን እንዲጠበቅ ይረዳል። መዳፉ መሬት በነካ ጊዜ ልጁ እዚያ ሊቆይ አይገባውም፤ በትከሻው መሬቱን ገፍቶ፥ እግሮቹን አጋጥሞ ያወርዳል፥ ሲያርፍም ጉልበቱን ጥቂት ያለሰልሳል።

አሁን ስለሚይዙት ሰዎች እንናገር፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ በቀኝ፥ ሌላው በግራ፥ በአንድ ጕልበታቸው ተንበርክከው ይቀመጡ። የእያንዳንዳቸው አንድ እጅ በልጁ ወገብ ላይ፥ ሁለተኛው እጅ ከጭኑ በስተኋላ ይሁን። አባት፥ እናት፥ ታላቅ እኅት፥ አጎት፥ ማንም ክብደቱን ሊችል የሚችል ሰው ይህን ሊማር ይችላል፤ ሆኖም ሥራውን የሚያውቅ የስፖርት መምህር በመጀመሪያ ቢያሳያቸው እጅግ የተሻለ ነው። በልብስ ጎትቶ መያዝ አይገባም፤ ልብስ ይቀደዳል። እጁንም መያዝ አይገባም፤ እጁ የተያዘ ልጅ መሬቱን የሚገፋበት አጣ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝላይ የለም። ሁለቱ ሰዎች ልጁን ተሸክመው በዝግታ ወደ ኋላ ያሳልፉታል፥ እርሱም በእጆቹ ላይ ተገልብጦ ቆሞ በእግሩ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ዓይኑ ያየዋል።

ቀጥሎ በዝላይ ያደርገዋል፥ ሁለቱም ይይዙታል። ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አንዱ ሰው ይነሣል። ከዚያም የቀረው ሰው አይሸከመውም፥ መዳፉን በወገቡ ላይ ብቻ ያሳርፋል። በመጨረሻም ሳይነካው በአጠገቡ ይቆማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ጊዜውን የሚወስነው ልጁ ነው እንጂ ታላቁ አይደለም። አንዳንድ አባቶች ግን ይዤሃለሁ፥ ዝለል ብለው ልጁ በተነሣ ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ በራሱ መቻሉን ላሳየው ብዬ ነው ይላሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ልጁ ምናልባት በዚያ ቀን በደኅና ይቆም ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ይዤሃለሁ የሚለው ቃል ለእርሱ ዋጋ የለውም፥ በሚቀጥለውም ዝላይ በአየር ላይ ሳለ የአባቱን እጅ በልቡ ይፈልጋል። ቀደም ብለን የተናገርነው የልብ መመለስ በዚህ መንገድ ይወለዳል። እጅ የሚነሣ ከሆነ ልጁ አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ ስፍራው ጥቂት እንበል። ውድ ምንጣፍ የሌለው ሰው በሣር ደጅ ላይ ሊያስተምር ይችላል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ፥ ጉድጓዱ ተሞልቶ፥ ሣሩ ደርቆ መሆን አለበት፥ በእርጥብ ሣር ላይ መዳፍ ይንሸራተታልና። ጭድ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅጥቆ የተሞላ ጆንያ ከበታች ቢነጠፍ ይረዳል፤ እጅግ የለሰለሰ ግን አይሁን፥ መዳፍ በሰመጠበት ስፍራ አንጓ ይጠመዘዛል። በዳሞታ ሥር እንዳለው ያለ ጥቂት ዘቅዘቅ ያለ ሣር ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ልጁ ጀርባውን ለቍልቍለቱ ሰጥቶ ቢነሣ መሬቱ ከእርሱ ጥቂት ስለሚርቅ፥ እጆቹ የሚደርሱበት ጊዜ ይጨምርለታል። ቍልቍለቱ ለስለስ ያለ ይሁን። አስፋልትና ሲሚንቶ የተከለከሉ ናቸው። ሴት ልጅ ስትማር ጠጕሯ ይታሰር፥ በሱሪም ትሁን፤ ነጠላና ጌጥ ይቀመጥላት።

ትናንት የቻለ ልጅ ዛሬ አልችልም ሊል ይችላል። ወላጅ ይህን እንደ ስንፍና እንዳይቈጥረው እንለምናለን። አሜሪካዊቱ ሲሞን ባይልስ በዓለም ላይ ከታወቁት የጂምናስቲክ ባለሙያዎች ሁሉ የላቀች ሆና ሳለ፥ በ2021 በቶኪዮ በተደረገው ኦሎምፒክ ሰውነቷ በአየር ላይ ወዴት እንዳለ ማወቅ ስለ ተሳናት ከቡድን ውድድሩ በመካከሉ ወጣች። ብዙዎች ነቀፏት። በ2024 በፓሪስ ግን ተመልሳ ሦስት የወርቅና አንድ የብር ሜዳይ አገኘች። በሌላው ወገን የሶቪየቷ ኤሌና ሙኪና አለች። በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት እግሯ ተሰብሮ ገና ሳይጠና ወደ ልምምድ ተመለሰች። እጅግ አደገኛ የሆነውን የግልበጣ ዓይነት መሥራት እንደሚያሰጋት ለአሠልጣኟ ተናግራ ነበር፤ አልተሰማችም። በ1980 ለሞስኮ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በሚንስክ በልምምድ ላይ አንገቷ ተሰበረ፤ ከዚያም በ2006 እስካረፈችበት ድረስ እጅና እግሯ ሳይታዘዝላት ኖረች። ልጅ ዛሬ ይቅርብኝ ሲል፥ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ በሁለት ሰው እየተያዘ ጥቂት ቀን ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ እንደ ገና ልሞክር ይላል።

ጕዳት ቢደርስ ምን ይደረግ? ልጁ ወድቆ አንገቴን ቢል፥ ወይም እጄና እግሬ ደነዘዘ ቢል፥ ማንም አያንሣው፥ አያስቀምጠው፥ ውኃም አያጠጣው። ራሱና አንገቱ ሳይንቀሳቀሱ በአንድ ሰው እጅ ተይዘው፥ ብዙ ሰው ሆኖ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አሳርፎ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በሶዶ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። እጅ ተሰብሮ ወይም አብጦ ሲገኝ ግን በአገራችን ልማድ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። የወጌሾችን ክብር አንነካም፥ ብዙ ወለምታ ያቀኑ ናቸው። ነገር ግን ያበጠ እጅ በእንጨት ተደግፎ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩ ይቋረጣል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸው ጠቍሮ የተቈረጠባቸው ሕፃናት በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ታይተዋል። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢደነዝዙ፥ መልካቸው ቢለወጥ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ቢብስ፥ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፥ ልጁም ወደ ሐኪም ይሂድ።

የሚያድግ ልጅ የአጥንቱ ጫፍ ገና ያልጠነከረ ስለ ሆነ፥ ሳይወድቅም አንጓውን የሚያመው ጊዜ አለ። ሕመሙ በየቀኑ የሚመለስ ከሆነ ሐኪም ይየው፥ እስኪሻለውም በእጅ መቆምም መገልበጥም ይቁም። በአንድ ቀን ጥቂት ጊዜ በደኅና መሥራት ደክሞ ብዙ ጊዜ ከመሥራት ይሻላል፤ የደከመ ክንድ ይታጠፋልና። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲረጥብም ድልድዩን፥ በግድግዳ መቆሙንና የወንበሩን ትምህርት በቤት ውስጥ መቀጠል ይቻላል፤ በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ ሜዳው ይደርቃል፥ ሁለቱ የሚይዙት ሰዎችም እንደ ገና ከአንደኛው ደረጃ ይጀምራሉ።