ሽንኩርቱን ከትፌያለሁ፦ እንግሊዝኛ ከምድጃው ዳር

እንግሊዝኛ ስትማሩ ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ ሲደረስ «ይህ በአማርኛ የለም» የሚል ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አለን። «ሽንኩርቱን ከትፌያለሁ» ስንል ሽንኩርቱ ተዘጋጅቷል፣ ድስቱ መጣድ ይችላል ማለታችን ነው፤ «አይ ሃቭ ቾፕድ ዘ አንየንስ» የሚለውም ይህንኑ ነው። የሚያሰናክለን ወሰኑ ነው። የእኛ «ከትፌያለሁ» ሰፊ ስለሆነ «ትናንት ማታ ከትፌያለሁ» ቢባል ማንም አይገረምም። እንግሊዝኛው ግን የስተርዴይ ወይም ላስት ናይት የሚል ያለፈና የተዘጋ ጊዜ ሲጠራ ሃቭን ይጥላል፦ «አይ ቾፕድ ዘ አንየንስ ላስት ናይት»። ስለዚህ «አይ ሃቭ ኩክድ ራይስ የስተርዴይ» የሚለው ስህተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ትክክለኛ አማርኛ በእንግሊዝኛ ቃላት ሲነገር ነው።

ኮድቡርም ሆነ ሌላ የሐርጌሳ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛን ከዜሮ አይጀምርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቋንቋውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ አድርጎታል። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን የሚለውን ሰንጠረዥ የሸመደደ ሰው ሞልቷል። ሰንጠረዡ ግን የቃሉን መልክ እንጂ የትኛው መቼ እንደሚመረጥ አይነግርም። ምርጫውን የሚያስገድድ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ያ ሁኔታ ዓይናችን ሥር ነው። ሥጋው ታጥቧል፣ ሩዙ ገና አልታጠበም። «አይ ሃቭ ዎሽድ ዘ ሚት፣ በት አይ ሃቭንት ዎሽድ ዘ ራይስ የት»። ይህን እጃችሁ እየሠራ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። ሥጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እየፈላ ከሆነ «ዘ ሚት ሃዝ ቢን ቦይሊንግ ሲንስ ተን» ነው (በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 4 ሰዓት አሥር መሆኑን አትርሱ)። መነሻውን ስትጠሩ ሲንስ፣ ርዝመቱን ስትጠሩ ፎር፦ «ፎር ቱ አወርስ»። እሳቱ ጠፍቶ፣ ምግቡ ተበልቶ፣ ማታ ስለዚያው ምሳ ስታወሩና ሰዓቱን ስትጠቅሱ ደግሞ «አይ ቦይልድ ኢት አት ተን» ትላላችሁ። ያው ሥጋ፣ ያው ሰው፤ የተለወጠው ጊዜው መዘጋቱ ነው።

ቁጥርም እዚያው ይታረማል። በአማርኛ «ሦስት ሽንኩርት» ይበቃል፤ እንግሊዝኛው «ስሪ አንየንስ» ይፈልጋል፤ ሩዝን ግን አይቆጥርም፣ «ቱ ከፕስ ኦቭ ራይስ» ብሎ በስኒ ይለካዋል።

«አሜሪካኖች እኮ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይላሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኦልሬዲና የት ባሉበት የአሜሪካ እንግሊዝኛ ተራውን ያለፈ ጊዜ ይቀበላል፤ የብሪታንያው ሃቭን ይመርጣል። ሁለቱም ግን ሃቭን ከየስተርዴይ ጋር አያጋቡም፤ እኛ የምንወድቀው ደግሞ እዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሐርጌሳ ላይ የሚያስፈልገው ሶማልኛ ነው» የሚል ነው። ለገበያው፣ ለጎረቤቱ፣ ለአሠሪው ሶማልኛ ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ሐርጌሳ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ በብሪታንያ ሥር ነበረችና የእንግሊዝኛው ሥር አልተነቀለም፤ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፣ የእርዳታ ድርጅቶች ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይም አለ። ሶማልኛ ቀኑን ያሳልፋል፣ እንግሊዝኛ ወረቀቱን ያስነብባል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፦ «የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ሰውን ወጥ ቤት ያስቀራል»። ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ቀኑን ሙሉ ካየችው ድስት ሌላ ነገር መማር ብትፈልግ መብቷ ነው። ትምህርቱ በዕቃ ስም ብቻ ከቆመ፣ ማንኪያ ይህ ነው፣ ቢላ ያ ነው እያለ ከቀረ፣ ስጋቱ ትክክል ነው። እኔ የምከራከርለት ግን ለዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው፤ እሱ ከቤቱ ይወጣል። ሐኪም «ሃቭ ዩ ቴክን ዘ ሜድሲን?» ብሎ ሲጠይቅ ሰዓት አልጠየቀም፤ መወሰዱን ነው ማወቅ የሚፈልገው። «ዌን ዲድ ዩ ቴክ ኢት?» ሲል ግን ሰዓቱን ትነግሩታላችሁ። ሥራ ፍለጋ ስትቀርቡም «አይ ሃቭ ዎርክድ አዝ ኤ ኩክ ፎር ስሪ ይርስ» ካላችሁ እስካሁን በሙያው ላይ እንዳላችሁ ይሰማል። ሃቭን አውጥታችሁ «አይ ዎርክድ አዝ ኤ ኩክ ፎር ስሪ ይርስ» ካላችሁ ጠያቂው ያንን ሥራ እንደተዋችሁት ይረዳና ለምን እንደተዋችሁት ሊጠይቃችሁ ይችላል።