የቻይና ሪፑብሊክ የመጀመሪያ ዓመታት፤ ሕጉ፥ ጦሩና ገንዘቡ

በቻይና አገር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ የኖረው የንጉሠ ነገሥት አገዛዝ በ1912 አበቃ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በምትኩ የቆመው ሪፑብሊክ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው ምክር ቤቱ ተበተነ፤ ፕሬዚዳንቱም ራሱን ንጉሠ ነገሥት ለማድረግ ሞከረ። ለዚህ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት፥ ሕዝቡ ለእንዲህ ያለ አስተዳደር ገና አልበሰለም ነበረ የሚል ነው። የነገሩ አካሄድ ሲመረመር ግን ይህ ፍርድ የሚያጠግብ ሆኖ አይገኝም።

አብዮቱ የተነሣው ኦክቶበር 10 ቀን 1911 በያንግጼ ወንዝ ዳር ባለችው በዉቻንግ ከተማ የነበሩ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹ የደቡብና የመካከለኛው ቻይና ግዛቶች ከማንቹ ነገሥታት ተለዩ። በዚያን ጊዜ ዶክተር ሱን ያት ሴን በአሜሪካ አገር ለአብዮቱ ገንዘብ ይሰበስብ ነበርና ወሬውን የሰማው ከጋዜጣ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1912 በናንኪንግ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ነገር ግን የሚያዝዘው የተደራጀ ጦርም፥ ደመወዝ የሚከፍልበት ግምጃ ቤትም አልነበረውም።

ብርቱው ጦር የነበረው በዩዋን ሺ ካይ እጅ ነው። ዩዋን ከ1895 ጀምሮ በቲየንትሲን አጠገብ በአዲስ ሥርዐት ያሠለጠናቸው መኰንኖች ሹመታቸውንና እንጀራቸውን ያገኙት ከእርሱ ስለ ነበረ፥ ታማኝነታቸው ከመንግሥቱ ይልቅ ለእርሱ ነበረ። ማንቹዎቹ አመፁን እንዲያጠፋላቸው ቢጠሩት፥ እርሱ ከሁለቱም ወገን ጋር ተደራደረ። ሱን ያት ሴን ቦታውን ሊለቅለት ተስማማ፤ ዩዋንም ቤተ መንግሥቱን አስጨንቆ የስድስት ዓመቱ ሕፃን ፑዪ ፌብሩዋሪ 12 ቀን ዙፋኑን እንዲተው አደረገ።

አብዮተኞቹ አዲሱን ፕሬዚዳንት በሁለት ነገር ሊገቱት አስበው ነበር፤ ዋና ከተማው ናንኪንግ እንዲሆንና ሥልጣኑ በጊዜያዊ ሕገ መንግሥት እንዲወሰን። የመጀመሪያው ወዲያው ከሸፈ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወታደሮች በፔኪንግ ሁከት አንሥተው ከተማይቱን ስለ ዘረፉ፥ ዩዋን ሰሜኑን ትቶ ለመሄድ አልችልም ብሎ እዚያው ማርች 10 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸመ። ሕገ መንግሥቱም በማግሥቱ ታወጀ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ያደረገው አልበሰለም የሚያሰኝ አይደለም። በ1912 መጨረሻና በ1913 መጀመሪያ ለተደረገው ምርጫ 40 ሚልዮን ያህል ወንዶች ተመዝግበዋል፤ ለሴቶች ግን የመምረጥ መብት አልተሰጠም። ኩኦሚንታንግ የተባለው ፓርቲ ከታችኛው ምክር ቤት 596 መቀመጫዎች 269 አግኝቶ ከሁሉ በለጠ። የምርጫው መሪ ሶንግ ጂያኦ ሬን፥ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በምክር ቤቱ በሚደገፍ ካቢኔ እንዲገታ ያስተምር ነበር። ማርች 20 ቀን 1913 ወደ ፔኪንግ ሊሳፈር በሻንጋይ ባቡር ጣቢያ ሳለ በጥይት ተመታና ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በምርመራው የተገኙት ወረቀቶች ነገሩን እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድረስ ቢያደርሱትም፥ እርሱ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ግዛቶቹ ግብራቸውን ወደ ፔኪንግ መላክ አቁመው ነበር፤ የጉምሩኩም ገቢ ለውጭ አገር ዕዳ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ዩዋን ምክር ቤቱን ሳያስፈቅድ በኤፕሪል 1913 ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይ፥ ከጀርመን፥ ከሩሲያና ከጃፓን ባንኮች 25 ሚልዮን ፓውንድ ተበደረ፤ መያዣውም የጨው ግብር ነበረ። ከባንኮቹ ኮሚሽንና ቅናሽ የተነሣ ቻይና የምትቀበለው 21 ሚልዮን ያህል ቢሆንም፥ የጦሩን ደመወዝ ለመክፈል በቃ። የምክር ቤት ዋና ኀይሉ ግብርን መፍቀድና መከልከል ነው፤ ገንዘቡን ከውጭ የሚያገኝ ገዥ ግን የእንደራሴዎችን ፈቃድ ለምን ይለምናል?

የቀረው ፈጥኖ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያመፁት የደቡብ ግዛቶች ተሸነፉ፤ በኖቬምበር ኩኦሚንታንግ ታገደ፤ በጃኑዋሪ 1914 ምክር ቤቱ ተበተነ። በዲሴምበር 1915 ዩዋን ዙፋኑን እቀበላለሁ ባለ ጊዜ የዩናን ግዛት ጦር ተነሣበት፤ የገዛ ጄኔራሎቹም ሳይረዱት ቀሩ። ማርች 22 ቀን 1916 ሐሳቡን ተወ፤ ጁን 6 ቀንም ሞተ። ከእርሱ በኋላ ጄኔራሎቹ አገሩን ተከፋፍለው ለዓመታት ተዋጉበት።

እንግዲህ ለሰው እንጂ ለሕግ መታዘዝን ያልተማረው ጦር አስቀድሞ ሪፑብሊኩን አፈረሰ፤ ኋላም ያሠለጠነውን ሰው ራሱን ከዳ። መራጩ ሕዝብ የድርሻውን ፈጽሞ ነበር። የጐደለው ወታደሩ ደመወዙን ከማን እንደሚቀበልና የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን በሕግ ሊወስን የሚችል ኀይል ነው። ይህ ሳይወሰን የተጻፈ ሕገ መንግሥት፥ ቃሉ ያማረ ቢሆንም፥ የሚጠብቀው የለውም።