አፍ ላይ ጁስ፣ ጉልበት ላይ እሳት!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ የመጣን እንግዳ “ብርዝ ነው፣ ጠጣ” ብላችሁ ጠጅ ብታጠጡት ምን ትባላላችሁ? መልሱን ለእናንተ ልተወው። እኔ ግን ይህንኑ ያደረግኩ ሰው ነኝ። ልዩነቱ ያጠጣሁት ጠጅ ሳይሆን ረም፣ ያታለልኩትም በብርዝ ስም ሳይሆን በጁስ ስም መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ጓደኛችን ልደት እኔ ቤት ሊከበር ተቀጠረ። በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ረም ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አንደኛው የተለመደው ባለ 40 በመቶ ነው። ሁለተኛው ግን ወረቀቱ ላይ 75.5 በመቶ ይላል! እኔ ደግሞ ጉራ ትንሽ ይወደኛል። በፊልም ላይ የማያቸውን፣ አናናስ የተሰካባቸውንና ትንሽ ዣንጥላ የቆመባቸውን የሐሩር አገር ኮክቴሎች ሠርቼ “አቤት ሙያ!” መባል አማረኝ።

አናናስ፣ ማንጎና ብርቱካን ገዝቼ ጨመቅኩ። በትልቅ ጆግ አድርጌ ረሙን ለቀቅኩበት። መለኪያ? ምን መለኪያ አለ! በዓይኔ ነበር። ስቀምሰው ጣፋጭ ነው። “ኧረ ይሄ አልኮሉ አይሰማም” አልኩና ጨመርኩ። አሁንም አይሰማም። ደግሜ ጨመርኩ።

ከመጡት እንግዶች አንዷ መጠጥ የሚባል የማትቀምስ ልጅ ነበረች። ስትጨፍር ቆይታ ጠምቷት “ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ። አንዱ ጓደኛዬ ጠቀሰኝ። እኔም “ጁስ ነው ባክሽ፣ ጠጪ!” አልኳት። ሳቅን። አንድ ብርጭቆ ጠጣች፤ ጣፈጣት። ሁለተኛ ደገመች። ሦስተኛውን ራሷ ቀዳች።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ “አየር ልውሰድ” ብላ ወጣች። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከደረጃው ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ አገጯ ተሰፋ። ሐኪሙ “ምን ጠጥተሽ ነው?” ብሎ ሲጠይቃት እያለቀሰች “ጁስ” አለችው። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ረም በቤቴ አልጠፋም፤ አሠራሩን ግን እንደ አዲስ ተማርኩት። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ምላስ ለምን ይታለላል?

ረም የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳ፣ ብዙ ጊዜም ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ነው። ስለዚህ ከፍራፍሬ ጋር ሲገናኝ እንደ ዘመድ ይግባባል። ስኳሩ፣ የሎሚው ኮምጣጣነትና የበረዶው ቅዝቃዜ ተባብረው የአልኮሉን ማቃጠል ይሸፍኑታል። ካቲካላ ገና ስትጎነጩት ጉሮሮ እየላጠ “ቀስ በል!” ይላችኋል። የፍራፍሬ ኮክቴል ግን ዝም ነው። የሚናገረው ስትነሱ ነው። በዚያ ላይ የጠጡት በደንብ እስኪሰማ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። “ገና ምንም አልያዘኝም” ብሎ የሚደግም ሰው የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 16.5 ሚሊ ሊትር ነው። 45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ረም ውስጥ ያለው ደግሞ 18 ሚሊ ሊትር ነው። ማለትም ያቺ ትንሽ ብልጭታ አንድ ሙሉ ቢራ ናት! ባለ 75.5ቱ ከሆነ 22 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃል። በዓይን መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ባለሙያው ራሱ ፈርቶታል

በአሜሪካ የሐሩር አገር ኮክቴሎችን ያስፋፋው ሰው ዶን ቢች ይባላል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆሊውድ ውስጥ ባር ከፍቶ “ዞምቢ” የሚባል ኮክቴል ፈጠረ። ውህዱን ማንም እንዳይሰርቀው በምስጢር ስም ይጽፈው ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ነጋዴ ሆኖ ሳለ ለአንድ ደንበኛ ከሁለት ዞምቢ በላይ አይሸጥም ነበር! ገንዘብ የሚጠላ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የቀዳውን ስለሚያውቅ ነው። እኔ የቀዳሁትን አላውቅም ነበር።

ከሱም በፊት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ በየቀኑ ረም ያድል ነበር። ስካር ስላስቸገረ በ1740 (እ.ኤ.አ.) አድሚራል ቬርኖን ለአንድ እጅ ረም አራት እጅ ውኃ ተቀላቅሎ እንዲሰጥ አዘዘ። በማዕበል ላይ የኖረ መርከበኛ በውኃ ከጠጣው፣ እኛ በባዶ ሆዳችን ምን ቤት ነን?

አሁን ወደ ሥራው

በመጀመሪያ መለኪያ ያዙ። የአረቄ መለኪያ ብርጭቆ መጠኑ ይለያያል። ከልጆች የሳል ሽሮፕ ጋር የምትመጣው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ስኒ ግን ሚሊ ሊትሩን በትክክል ታሳያለች። መበጥበጫ ከሌላችሁ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማዮኔዝ ብልቃጥ ይበቃል። ሽሮፑም ቀላል ነው፤ አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙት። ደስ የሚለው ነገር የእኛ አገር ትንሿ ሎሚ ለእነዚህ ኮክቴሎች የምትፈለገዋ ዓይነት መሆኗ ነው። በረዶውን ግን ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውኃ ሥሩት።

ዳይኪሪ፦ ስሙ ኩባ ውስጥ ካለ ቦታ የመጣ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ረም፣ 25 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 20 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ በብዙ በረዶ በጥብጣችሁ አጥልላችሁ ቅዱ። አንዱ ብርጭቆ ከአንድ ቢራ ተኩል ጋር እኩል ነው።

ፒኛ ኮላዳ፦ ፖርቶ ሪኮ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ መጠጤ ብላ ያወጀችው ነው። 60 ሚሊ ሊትር ረም፣ 90 ሚሊ ሊትር የአናናስ ጭማቂና 45 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ክሬም ከበረዶ ጋር በጁስ መፍጫ ምቱት። ከሁሉም አታላዩ ይሄ ነው፤ ልክ እንደ ወተት ይወርዳል።

ፓንች፦ ለብዙ እንግዳ የሚሆነው ይህ ነው። የካሪቢያን ሰዎች ደንብ በአጭሩ አንድ ኮምጣጣ፣ ሁለት ጣፋጭ፣ ሦስት ኃይለኛ፣ አራት ለስላሳ ነው። ለ6 ሰው 120 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ 240 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 360 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ረም፣ 480 ሚሊ ሊትር የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም የቀዘቀዘ ሻይ። ላዩ ላይ ትንሽ ገውዝ ፈቅፍቁበት። ለእያንዳንዱ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ረም ደረሰው ማለት ነው። ስድስት ብርጭቆ ሲቀዳ አለቀ! ጆጉ አይሞላም።

ዞምቢ፦ አዎ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። 45 ሚሊ ሊትር ጠቆር ያለ የጃማይካ ረም፣ 45 ሚሊ ሊትር ወርቃማ ረም፣ 30 ሚሊ ሊትር ባለ 75.5፣ 25 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ 10 ሚሊ ሊትር የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ፣ 5 ሚሊ ሊትር ቀረፋ የተቀቀለበት ሽሮፕ፣ 15 ሚሊ ሊትር ዝንጅብልና ቅርንፉድ የተቀቀለበት ሽሮፕ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሮማን ሽሮፕ። የአኒስ መጠጥ ስድስት ጠብታም ይገባበታል፤ ለዚያ ኡዞ ይሆናል። በበረዶ አድቅቃችሁ በረጅም ብርጭቆ ቅዱት። አሁን ደምሩ፤ 58 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል፣ ማለትም ሦስት ቢራ ተኩል በአንድ ብርጭቆ! ሰውነት ይህን ለማስወጣት 5 እና 6 ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። እኔ ዞምቢ ስሠራ አንዱን ለሁለት ሰው አካፍላለሁ፤ ሌላ አልደግምም። ባለ 75.5ቱ ደግሞ እንደ ቤንዚን ስለሚቀጣጠል ሻማና ሲጋራ አጠገብ አይቀዳም።

የቤቴ ሕግ

አንደኛ፦ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ማንም ሰው አይቀዳለትም። አያቴ ጠጅና ብርዝ ስታቀርብ “ይሄ ጠጅ ነው፣ ይሄ ብርዝ ነው” ሳትል አትቀዳም ነበር። በድሮ ግብዣም አሳላፊው በእንግዳው ፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። እኛ ስንሠለጥን ይህን ረሳን!

ሁለተኛ፦ ለማይጠጣ ሰው እውነተኛ ጁስ፣ በሌላ ቀለም ጆግ፣ በሌላ ጠረጴዛ።

ሦስተኛ፦ በባዶ ሆድ የለም። ምግብ አልኮሉን ያዘገየዋል። ቡናና ቀዝቃዛ ሻወር ግን ስካር አያወጡም፤ የነቃ ሰካራም ነው የሚያደርጉት። ከጫት በኋላ ለጨብሲ የመጣም ያው ነው፤ ምርቃናው ስካሩን ይሸፍንበታል። የእንቅልፍ ክኒን የሚወስድና እርጉዝ ሴት ጭራሽ አይቀምሱም።

አራተኛ፦ መኪና ይዞ የመጣ ቁልፉን በሩ ላይ ያስረክባል። ይቆጣ! ነገ ያመሰግነኛል።

አምስተኛ፦ እሽጉ የተነካ ጠርሙስ አልገዛም። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በሽታም ሆነ በጣዕም አይለይም።

የወደቀ ሰው ካለ ደግሞ “ተዉት፣ ይተኛ” ብላችሁ እንዳትሄዱ! ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውንም አትተዉት። ቢጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ያቺ ልጅስ? ሰንበትበት ብዬ ታላቅ እህቴን ይዤ እቤቷ ሄድኩ። እናቷ ቡና አፈሉልን፤ ስኒውን ሲሰጡኝ ግን “የኔ ልጅ፣ ይሄ ቡና ነው፤ ሌላ የለበትም” አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ልጅቷ ይቅርታ አድርጋልኛለች፤ ዛሬም ጓደኛዬ ናት። ቤቴም ትመጣለች፣ ትጫወታለች፣ ትስቃለች።

የምትጠጣውን ውኃ ግን እሽጉ ሳይከፈት ከሱቅ ይዛ ነው የምትመጣው።