ያውቁ ኖሯል? አየሩ ሲያልቅ የሚይዝ ፍሬን

ከሞጣና ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 20 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርደው፣ ሸራውና ታምቡሩ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 40 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት እንደሚበቃ ያውቁ ኖሯል? ፍሬን እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ግለት ነው። ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ አስገብቶ የሚወርደውን ሹፌር «ምን ያንቀራፍፈዋል» አይበሉት፤ ነፍስዎን እየጠበቀ ነው።

ትልቁ አውቶቡስ ቆሞ የእጅ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹን ጨምድዶ የሚይዛቸው አየር ሳይሆን ጠንካራ ሞላ መሆኑንስ? የአየሩ ሥራ ሞላውን ተጭኖ ማስለቀቅ ነው። ማለዳ መናኸሪያ ውስጥ ሞተሩ ተነስቶ ሹፌሩ ጌጁን እያየ የሚቆየውም የአየር ታንከሩ እስኪሞላ ነው። ተሳቢ ባለው መኪና ደግሞ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው የሚያልፉትን ቀይና ቢጫ ቱቦዎች ይመልከቱ። ቀዩ የተሳቢውን ታንከር ይሞላል፤ ቢጫው የሹፌሩን እግር ትእዛዝ ያደርሳል። ቀዩ ቢበጠስ ተሳቢው ራሱን በራሱ ያቆማል።

ይህ ብልሃት ከባቡር የመጣ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያውን የአየር ፍሬን ሲያስመዘግብ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ያ ፍሬን ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፦ ቱቦው ከተበጠሰ ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩን ገለበጠው። ቱቦው ሁልጊዜ በአየር ይሞላል፤ በየፉርጎው ሥር አንዲት ቫልቭና አንድ ትንሽ ታንከር ይቀመጣሉ። የቱቦው ግፊት ሲወርድ ቫልቯ የታንከሩን አየር ወደ ፍሬኑ ትለቃለች፤ ግፊቱ ሲመለስ ፍሬኑን አስለቅቃ ታንከሩን መልሳ ትሞላለች። ባቡሩ ለሁለት ቢቆረጥ እንኳ ሁለቱም ወገን ይቆማል። ከማሽን ሥራ ሁሉ ይህን ያህል የማደንቀው ጥቂት ነው።

ይህ ባለመኖሩ ምን እንደደረሰ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. ሰኔ 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ በተባለች ከተማ አጠገብ ብዙ ሕፃናት የተሳፈሩበት ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ ለሁለት ሲከፍሉት የኋላው ክፍል ፍሬኑን አጣ፤ ቁልቁል ተንሸራቶ ከሚከተለው ባቡር ጋር ተጋጨ። 80 ሰዎች ሞቱ። የብሪታንያ ፓርላማ በዚያው ዓመት ራሱን የሚይዝ ፍሬን በመንገደኛ ባቡሮች ሁሉ ላይ እንዲገጠም በሕግ አስገደደ።

በእኛም አገር፣ ሰበቡ ሌላ ቢሆንም፣ በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በወቅቱ ምክንያት ተብሎ የተነገረው ኩርባውን ፍጥነት ሳይቀንስ መግባቱ ነው።

ጎጃም ባቡር ገና አልደረሰውም። ቢደርሰው በድሮው የቫኪዩም ፍሬን መሥራት አይመከርም፤ ያ ፍሬን የሚገፋው በከባቢው አየር ክብደት ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባሉት ቢቸናና ሞጣ ደግሞ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። የፍሬኑም ጉልበት በሩብ ያንሳል። የታመቀ አየር እንዲህ አይጎዳም፤ ኮምፕሬሰሩ ታንከሩን ለመሙላት ትንሽ ይቆያል እንጂ።

ሰው የሚጫንባቸው የእንፋሎት ባቡር ሞዴሎች በውጭው ዓለም በትርፍ ጊዜ እንደሚሠሩ ያውቁ ኖሯል? ከታወቁት መጠኖች አንዱ የሐዲዱ ስፋት 184 ሚሊሜትር የሆነው ነው፤ ከመደበኛው ሐዲድ አንድ ስምንተኛ ገደማ። ልኩ ሁሉ በስምንት ሲካፈል ክብደቱ ወደ 1/512 ይወርዳል፤ 80 ቶን የነበረው ሎኮሞቲቭ 156 ኪሎ ይሆናል። የፍሬኑ ፒስተን የፊት ገጽ ስፋት ግን የሚወርደው ወደ 1/64 ነው፤ ስለዚህ ያነሰ ግፊት ይበቃዋል። ችግሩ ማፍሰሱ ላይ ነው። ትልቁ ባቡር የማይሰማው የፀጉር ያህል ቀዳዳ ትንሹን ታንከር ወዲያው ባዶ ያደርገዋል፤ ቫልቯ በቶርኖ በጥንቃቄ ተቆርጣ ጎሚኒዋ በልኩ መግባት አለበት። ለቴክኒክ ተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ የእጅ ሥራ ፈተና አይታየኝም።

ከሞዴሉ ሁሉ በስምንት የማይካፈለው ደግሞ ተሳፋሪው ነው። አሥር ሰው ከተጫነ የሰዉ ክብደት ብቻ የሎኮሞቲቩን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ፍሬኑ ከሎኮሞቲቩ ይልቅ ሰው በተቀመጠባቸው ፉርጎዎች ሥር መገጠም ያለበት ለዚህ ነው።