ጀርባ ውስጥ የገባ ብሎን እንዴት ይይዛል?

ሐሙሲት አካባቢ ከዛፍ ወድቆ ወይም መኪና ተገልብጦበት ወገቡ የተሰበረ ሰው በሪፈር ሄዶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲመለስ፣ «እግዜር ይማርህ» ሊል የመጣው ጎረቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ብረቱ አይነቀልም? ዕድሜ ልክህን ይችልሃል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከብረቱ ይልቅ አጥንቱን ማየት ይሻላል።

እያንዳንዱ አከርካሪ ከፊት ወፍራም አካል፣ ከኋላ ደግሞ ህብለ ሰረሰርን የሚከብ ቀለበት አለው። ሁለቱን በግራና በቀኝ የሚያገናኟቸው አጫጭርና ጠንካራ አንገቶች ናቸው። ብሎኑ በዚያ ጠባብ አንገት በኩል አልፎ ከፊተኛው አካል ውስጥ ይቀበራል። ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ህብለ ሰረሰሩን ወይም ነርቭ ሊነካ ይችላል። በዚህ መንገድ ብሎን ማስገባትን ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬሞን ሯ-ካሚ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)።

ወገብ ላይ የሚገባ ብሎን ብዙ ጊዜ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ከሆነ ብዙ አጥንት ስለሚይዝ በቀላሉ አይነቀልም፤ ግን ጥርሱ በጠለቀ ቁጥር መሐል ያለው ግንድ ይቀጥናል፣ ለመሰበርም ይቀርባል። አምራቹ ሁለቱን ማመዛዘን አለበት። አጥንቱ በዕድሜ ከሳሳ ደግሞ የቱም ጥርስ የሚይዘው ያጣል። ለአዛውንት ሐኪሙ ወፈር ያለ ብሎን የሚመርጠው ወይም የብሎኑን ቁጥር የሚያበዛው ለዚህ ነው።

የብሎኖቹን ራስ የሚያያይዙት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ዘንጉ ከ5.5 ወደ 6 ሚሊሜትር ቢወፍር ለዓይን ልዩነቱ አይታወቅም፤ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ግን 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታዲያ ለምን በጣም ወፍራም አይደረግም? ዘንጉ ከልክ በላይ ግትር ከሆነ ጫናው ወደ ብሎኖቹና ወደ አጎራባች አከርካሪዎች ይዞራል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሽቦን አንዴ ብናጥፈው አይበጠስም፤ ወዲያና ወዲህ ስናመላልሰው ግን ይበጠሳል። ዘንጉም በእያንዳንዱ እርምጃና በእያንዳንዱ ማጎንበስ ቅንጣት ታህል ይታጠፋል። ዓመት ከዓመት ብቻውን እንዲሸከም ከተተወ አንድ ቀን ይሰበራል። ስለዚህ ሐኪሙ በአከርካሪዎቹ መካከል የአጥንት ፍርፋሪ ይጨምራል። አጥንቱ በወራት ውስጥ ገጥሞ አንድ ሲሆን ሸክሙን ይረከባል። የብረቱ ሥራ እስከዚያ ድረስ ደግፎ ማቆየት ነው።

መነሻው ስብራት ሳይሆን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሲሆን ይህ ሥራ ይከብዳል። በሽታው የሚበላው ብዙውን ሸክም የሚችለውን የፊተኛውን አካል ነው፤ ያ ሲናድ ጀርባ ይጎብጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊ ሐኪም ሪክ ሆድስ፣ እንዲህ ያሉ ወጣት ሕሙማንን ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ጋና፣ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ልከዋል። እዚያ በጣም የጎበጠ ልጅ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም። ራስ ቅሉ ላይ ቀለበት ተተክሎ፣ በመዘውር በተንጠለጠለ ክብደት ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይሳባል። ቀድሞ የተቃና ጀርባ በቀዶ ሕክምናው ቀን ብሎኖቹን እምብዛም አይጎትታቸውም። ፊት ለፊት የጎደለውም በአጥንት ወይም በብረት ቅርጫት ይሞላል፤ ካልሆነ ዘንጎቹ ሙሉውን ሸክም ብቻቸውን ይሸከማሉ።

ከቀዶ ሕክምና ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ ደግሞ ሥራው ይጠብቀዋል፦ ፎገራ ላይ ሩዝ መትከልና ማረም ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚሠራ ሥራ ነው። ገላን ወደ ፊት መድፋት ደግሞ ብሎኖቹን ወደ ኋላ የሚጎትት ጫና ነው። «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ማሳ መውረድ አያዋጣም። ሲጋራ የአጥንቱን መግጠም ያዘገያል፤ የቲቢ መድኃኒትም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። በቀጠሮው ራጅ ላይ በብሎኑ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ከታየ ብሎኑ ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።