የስፖርት መኪናን ሱስፔንሽን ለሱሉልታ መንገድ ማስተካከል

ተስተካካይ ሱስፔንሽን፣ ማለትም ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ተገጥመው በጥርስ በሚዞር ቀለበት ቁመታቸው ከፍና ዝቅ የሚልበት አካል፣ ለውድድር ሜዳ ሲቃኝና በእንጦጦ በኩል በየቀኑ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ለምትመላለስ መኪና ሲቃኝ ሥራው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከባድ የጭነት መኪኖች በሚበዙበት በዚህ መንገድ ጉድጓድ አይጠፋም፤ የክረምቱ ዝናብም ጉድጓዱን በውኃ ሸፍኖ ከአሽከርካሪው ዓይን ይሰውረዋል። ስለዚህ መኪናዋን ከፋብሪካ ቁመቷ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ማውረድ አይመከርም።

ይሁንና ከቁመቱ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የሞላው አመላለስ ነው። ሾክ አብዞርበር የሞላውን መወዛወዝ በዘይት ግፊት የሚያበርድ ሲሆን፣ ማስተካከያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ የተጨመቀው ሞላ ተዘርግቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ጉድጓድ ይደርስበታል፤ መኪናዋም በየምቱ እየሰመጠች በመጨረሻ የላስቲክ ማቆሚያው ላይ ታርፋለች። ይህን ከሞላው መድከም ቆጥሮ ይበልጥ ማጥበቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ትክክለኛው አካሄድ ማስተካከያውን አላልቶ መጀመርና፣ በዚያው መንገድ ደጋግሞ እየነዱ፣ መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ እስክትረጋ ድረስ በአንድ በአንድ ጠቅታ ማጥበቅ ነው። በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ የታሰረ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ከጉዞ በኋላ የት ድረስ እንደተገፋ ሲታይ፣ ዘንጉ ማቆሚያውን ለመምታት ምን ያህል እንደቀረው በግልጽ ያሳያል።

ቁመት በተቀየረ ቁጥር የጎማዎቹ አቋቋም ስለሚዛባና ውስጠኛው ጠርዛቸው ያለጊዜው ስለሚበላ፣ አላይመንት ሳይሠራ መኪናዋን ለባለቤቷ ማስረከብ ተገቢ አይደለም።